መረሬው፣ ቱቦውና የልጆቹ ሰዓት



ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር ከፍታ በላይ ይወጣል። እንግዳ ሁሉ ፎቶ የሚነሳው እዚያ ነው። ለገጠር ተማሪ ግን ትልቁ መንገድ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው ሦስትና አራት ኪሎ ሜትር ነው።

በሮቤና በሲናና ሜዳ ጥቁር መረሬ አፈር ሰፊ ቦታ ይይዛል። ስንዴ ይወደዋል፤ መንገድ ግን ይጠላዋል። በውስጡ ያለው ሸክላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የባሌ ደጋ ደግሞ በገና (በዓሉን ሳይሆን ወቅቱን ማለታችን ነው) እና በቦና ሁለቴ ይዘንብበታል። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ዝናቡ ገና አላባራም።

በደረቅ መንገድ አራት ኪሎ ሜትር ለአንድ ልጅ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጫማ በሚያወልቅ ጭቃ ግን ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ብዙዎቻችን በአንዱ ፈረቃ ትምህርት ቤት፣ በሌላው መድረሳ እየዋልን አድገናል፤ ይህች የባከነች ሰዓት ከየት እንደምትቀነስ እናውቃለን። ወይ ከቁርኣኑ፣ ወይ ከሒሳቡ። ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ቀድማ ቤት የምትቀረው ሴቷ ልጅ ናት።

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ዩራፕ የተባለው ፕሮግራም ቀበሌዎችን ሁሉ በክረምትም በበጋም በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት ያቀደ ነበር። ጠጠር ማልበስ ብቻውን ግን መንገድ አያደርግም። መረሬው ተቆርጦ ወጥቶ በሌላ አፈር መተካት ወይም በወፍራም ሙሌት መሸፈን አለበት። የመንገዱ ጀርባ ከፍ ብሎ ውሃውን ወደ ጎን ቦይ መጣል፣ ቦዩም በቱቦ አሻግሮ ማስወጣት አለበት። ቱቦው በገለባና በደለል ከተደፈነ ውሃው መንገዱን ራሱን ቦይ ያደርገዋል፤ ጠጠሩም በአንድ ክረምት ይሄዳል። በእኛ አስተያየት የገጠር መንገድ የሚሞተው ከግንባታ ጉድለት ይልቅ በጥገና እጦት ነው።

በህንድ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተሠሩ የገጠር መንገዶች ላይ የተደረገ ጥናት በመካከለኛ ደረጃ የተመዘገቡ ተማሪዎች በ7 በመቶ ገደማ መጨመራቸውን አሳይቷል። ሥራ ያለበት ከተማ ሲቀርብ ልጁን ከትምህርት ሊስበው እንደሚችልም ጥናቱ ይጠቁማል፤ የጎባ ገበያና ባጃጅ የሚያማልለው ታናሽ ወንድም ያለው ይህን ይረዳል።

መንገዱ ሲስተካከል አይሱዙውም ይፈጥናል። ስለዚህ የእግረኛ ዳር የሌለው መንገድ ለልጆች ግማሽ መንገድ ነው። ታናናሾቻችን ግራቸውን ይዘው፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያዩ እንዲሄዱ እንንገራቸው።

ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን መድረሳ ተምረናል። ለእረፍት ስትሄዱ የሰፈራችሁን ቱቦ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። በአንዱ አፉ ብርሃን ካልታየ ተደፍኗል ማለት ነው፤ አካፋና አምስት ሰው ይበቃዋል፣ ኢንሻአላህ ዝናቡ ሳይገባ።