የአህያ ፋንድያ በእንግሊዝና በአገር ቤት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አህያ ፋንድያ ነው። አትሳቁ፤ ነገሩ የአፈር ጉዳይ ነው።

በአህያ ብዛት ኢትዮጵያን የሚቀድም አገር የለም፤ ከ8 ሚሊዮን በላይ አላት። እኔ በምኖርበት እንግሊዝ አህያ ጥቂት ነው፤ ያለውም ጭነት እምብዛም አያውቅም። ሆኖም የአንድ የእንግሊዝ አህያ ፋንድያ አብዛኛው አፈር ውስጥ ሲገባ፣ የእኛው አህያ አብዛኛውን መንገድ ላይ በትኖት ይመጣል።

«ገበሬያችን ጥቅሙን ስላላወቀ ነው» የሚሉ አሉ። አልስማማም። የጉራጌና የሲዳማ ገበሬ እንሰቱን የሚያሳድገው በከብት ፍግ ነው። ልዩነቱን ያመጡት ማገዶ፣ ጭድና የአህያው ውሎ ናቸው።

ከማገዶው እንጀምር። እንግሊዝ ወጥ የሚሠራው በጋዝና በኤሌክትሪክ ስለሆነ ፍግ የሚሻማ ምድጃ የለም። እንጨት በተመናመነበት ደጋችን ግን እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል። ሲነድ ናይትሮጅኑ አብሮ ይጠፋል፤ ለመሬቱ የሚተርፈው አመድ ነው። ፋንድያ ከዚህ በመጠኑ ያመልጣል። አህያ ስለማያመሰኳ የበላው ገለባ ብዙም ሳይልም ይወጣል፤ ይፈረፈራል እንጂ እንደ እበት ተያይዞ አይጠፈጠፍም።

ሁለተኛው ጭድ ነው። እዚህ በረት ውስጥ የስንዴ ጭድ በወፍራሙ ይጎዘጎዛል። ጠዋት ጠዋት የረጠበው ጭድ ከነፋንድያው በመንሽ ተነስቶ ይከመራል። ትልቁ ትርፍ ሽንቱ ነው፤ ከእንስሳው የሚወጣው ናይትሮጅን ብዙው ያለው እዚያ ውስጥ ነው፣ ጭዱም ይዞ ያስቀረዋል። እኛ ዘንድ ጭድ የከብት ቀለብና የቤት መምረጊያ ነው፤ ማን እግር ስር ያነጥፈዋል? ሽንቱ መሬት ሰርጎ ይቀራል።

ሦስተኛው ውሎ ነው። የእንግሊዙ አህያ ከግቢው እምብዛም አይወጣም። የእኛው ወፍጮ ቤትና ገበያ ሲመላለስ ይውላል፤ ቤት የሚቀረው የሌሊቱ ብቻ ነው።

እንግሊዝም ጣጣ አላት። አሚኖፒራሊድ የሚባል የአረም መድኃኒት ሳር ላይ ከተረጨ በእንስሳው ሆድ አልፎ፣ ክምሩ ውስጥም ቆይቶ ቲማቲምና ባቄላ ያበላሻል። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የብዙ ሰው ጓሮ ስለተጎዳ ሽያጩ ታግዶ ነበር፤ በኋላ በጥብቅ ደንብ ተመልሷል። ስለዚህ ፋንድያ ስቀበል መጀመሪያ ባቄላ እዘራለሁ፦ አንዱን ማሰሮ ከፋንድያ ጋር በተደባለቀ አፈር፣ ሌላውን ባልተደባለቀ። በፋንድያው የበቀለው ብቻ ቅጠሉ ከተጠቀለለና ከተጣመመ አልጠቀምበትም።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ በ1996 (እ.ኤ.አ.) ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከትግራይ ገበሬዎች ጋር የጀመሩት የኮምፖስት ሥራ አለ። በደንብ የተሠራ ኮምፖስት ያገኘ ማሳ ከፋብሪካ ማዳበሪያ ጋር የሚስተካከል፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ምርት ሰጥቷል። ስለዚህ መንገዱ አለ።

ቤተሰቦቻችሁ አህያ ካላቸው እንዲህ ሞክሩት፦

🔹 ማደሪያው ላይ ጭድ ሳይሆን አህያው የተወውን የመኖ ትራፊ፣ ደረቅ ቅጠልና እንክርዳድ ያልያዘ ገለባ ጎዝጉዙ። ሽንቱን ይዞ ይቆያል።

🔹 አንድ ሜትር ያህል ከፍታ ከምሩት፤ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። ከዝናብና ከፀሐይ ሸፍኑት።

🔹 ትኩሱን ማሳ ላይ አትበትኑ። የአረም ዘር በአህያ ሆድ ሳይሞት ያልፋል። ክምሩ ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ ሲግል ግን አብዛኛው ዘር ይሞታል። ዳሩ እንደ መሃሉ ስለማይግል እያገላበጣችሁ ዳሩን ወደ መሃል አስገቡት።

🔹 አመድ አትቀላቅሉበት፤ ናይትሮጅኑን በአሞኒያ መልክ ያበንነዋል። አመዱን ለብቻው በሌላ ጊዜ በትኑት።

🔹 እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ሸፍኑ፣ ስትጨርሱም ታጠቡ። ፋንድያ ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ጀርም ሊኖር ይችላል።

ክምሩ ቀዝቅዞ፣ ጠቁሮ፣ የአፈር ሽታ ሲሸት ደርሷል። የአንድ አህያ የሌሊት ፋንድያ የጤፍ ማሳ አይሸፍንም፤ ለጓሮ ጎመን፣ ለበርበሬና ለጌሾ ግን ይበቃል። ከዚያ ጀምሩ፤ ማሳው ጎመኑን አይቶ ይከተላል።