ሕዝቡ የመረጠው ፊንላንዳዊ

የምኖረው ስቶክሆልም ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የስዊድኗ ሎሪን ሊቨርፑል ላይ ዩሮቪዥን የተባለውን የአገሮች የዘፈን ውድድር ስታሸንፍ ጎረቤቶቼ በደስታ ጮኹ፤ እኔ ግን ከፋኝ። ዘፈኗን ጠልቼ አይደለም። ድምፄን የሰጠሁት ለፊንላንዱ ካሪያ ነበር።

የተመልካቹ ፍርድ ግልጽ ነበር፦ ካሪያ 376 ነጥብ፣ ሎሪን 243። የነጥቡን ግማሽ ያህል የያዙት ግን በዚያ ዓመት ከየአገሩ የተመረጡ አምስት አምስት የሙዚቃ ባለሙያዎች ነበሩ። እነሱ ለሎሪን 340፣ ለካሪያ 150 ሰጡ። ሲደመር 583 ለ526 ሆነ። የዳኞቹ ነጥብ እየተነበበ ሳለ እንኳ አዳራሹ የካሪያን ዘፈን ስም እየጠራ ይጮህ ነበር።

ባለሙያ አያስፈልግም አልልም። የተመልካቹም ድምፅ እንከን አለው፦ በ2023 አንድ ተመልካች እስከ 20 ጊዜ መምረጥ ይችል ነበር፤ የጋለ ደጋፊ እየደጋገመ ሲመርጥ፣ አንዴ ብቻ የመረጠው ሰው ድምፅ ይዋጣል። ነጥብ የሚያገኙትም በየአገሩ ከ1ኛ እስከ 10ኛ የወጡት ብቻ ናቸው፤ በሁሉም አገር 11ኛ የወጣ ዘፋኝ ባዶ እጁን ይመለሳል። ቢሆንም፣ በዚያ ዓመት በ37 አገሮች ሁለት መቶ የማይሞሉ ዳኞች ከሚሊዮኖች ጋር እኩል መመዘናቸውን አልቀበልም። እኔ ብሆን ሲሶውን ብቻ እሰጣቸው ነበር።

አንድ ደስ ያለኝ ለውጥ አለ። ከዚያው ከ2023 ጀምሮ በውድድሩ የማይሳተፉ አገሮች ተመልካቾችም በኢንተርኔት ይመርጣሉ፤ ድምፃቸው ተደምሮ እንደ አንድ አገር ይቆጠራል። በ2021 ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ የተወለደችው ኤደን አለነ እስራኤልን ወክላ ስትዘፍን ይህ ዕድል አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ከሩቅ አገር ብዙ የእኛ ሰው ይመርጣት እንደነበር አልጠራጠርም።