አንዲት ሞለኪውል የምትደመጥበት ቅዝቃዜ

በብየዳ ቤቶች የሚነደው የአሴቲሊን ጋዝ ሞለኪውል ሁለት የካርቦንና ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዊልሰን ሆ፣ ባሪ ስታይፕና መሐመድ ረዛኢ ከእነዚህ ሞለኪውሎች በአንዲቷ ብቻ የኤሌክትሪክ ፍሰት አሳልፈው የአቶሞቿን ንዝረት ለኩ።

የተጠቀሙበት የመሣሪያ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1981 ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪክ ሮሬር በአይቢኤም የዙሪክ ቤተ ሙከራ የፈጠሩት ሲሆን፣ በ1986 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ጫፉ እስከ አንድ አቶም የቀጠነ የብረት መርፌ፣ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ የመዳቡን ገጽ ሳይነካ ይጠጋል። ኤሌክትሮኖች ክፍተቱን ተሻግረው ያልፋሉ። ክፍተቱ በናኖሜትር አንድ አሥረኛ ሲሰፋ ፍሰቱ ወደ አሥረኛው ገደማ ይወርዳል።

ተመራማሪዎቹ መርፌውን ከሞለኪውሏ በላይ አቁመው ቮልቴጁን ቀስ በቀስ ከፍ አደረጉ። 358 ሚሊቮልት ላይ ኤሌክትሮኖቹ የካርቦንና የሃይድሮጅንን ትስስር ለማንዘር የሚበቃ ጉልበት አገኙ፤ ተጨማሪ የማለፊያ መንገድም ተከፈተላቸው። ለውጡ ከመቶ አምስት እጅ እንኳ አይሞላም፤ ግን በግልጽ ተለካ። በሃይድሮጅን ፋንታ ክብደቱ እጥፍ የሆነው ዲዩቴሪየም ሲገባ ምልክቱ ወደ 266 ሚሊቮልት ወረደ፤ ወፍራም የክራር ክር ከቀጭኑ በዝግታ እንደሚርገበገብ ማለት ነው። በመርፌው ምስል ፈጽሞ የማይለዩ ሁለት ሞለኪውሎች በዚህ ተለዩ።

ይህ ሁሉ የሆነው ከዜሮ በታች በ265 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በተራ ክፍል ሙቀት ሞለኪውሏ ከቦታዋ ትንሸራተታለች። ብትቆም እንኳ፣ ሙቀቱ ራሱ ምልክቱን ወደ 140 ሚሊቮልት ያህል ያደበዝዘዋል፤ በሁለቱ ሞለኪውሎች መካከል ያለው ልዩነት ግን 92 ብቻ ነው።

ወደዚህ ቅዝቃዜ ለመውረድ የሚያስፈልገው ፈሳሽ ሂሊየም ነው። ሂሊየም ከተፈጥሮ ጋዝ ጋር ከምድር የሚወጣ ሲሆን፣ ከአሜሪካ ጋር ከዓለም ቀዳሚ አምራቾች አንዷ ኳታር ናት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 በባሕረ ሰላጤው የዲፕሎማሲ ቀውስ የየብስ ድንበሯ ሲዘጋ የሂሊየም ፋብሪካዎቿ ለጊዜው ሥራ አቆሙ፤ ከበረሃው እጅግ የራቁ ቤተ ሙከራዎችም ሥጋት ገባቸው።

አሁን በርካታ ቤተ ሙከራዎች የሚተነውን ሂሊየም ሰብስበው መልሰው ያፈሱታል፤ ሌሎችም ያንኑ ጋዝ ደጋግሞ የሚጠቀም ዝግ ማቀዝቀዣ ይተክላሉ። ማቀዝቀዣው ግን ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ የአቶምን ስፋት ለሚቆጥር መርፌ ይህ ትልቅ ጠንቅ ነው። መሐንዲሶችም ማሽኑን ከመርፌው ለይተው፣ መለኪያውን በስፕሪንግ ያንጠለጥሉታል።