ትልቅ ስም ወይስ የሚስማማ ቦታ?

ስለ አንድ የቅርጫት ኳስ ተጫዋችና ስለ ኮሌጁ ለወላጆች የቀረበ

ልጅን አሳድጎ ለወግ ለማዕርግ ማብቃት የወላጅ ሁሉ ምኞት ነው። ዳሩ ግን ልጁ ከቤት የሚወጣበት ጊዜ ሲደርስ ወዴት እንደሚላክና በማን እጅ እንደሚሰጥ መምረጥ ከማሳደጉ የማያንስ ጭንቀት አለው። ስሙ የገነነ ቤት ሁሉ ለልጁ የሚስማማ ቤት አይደለምና። ይህ ጭንቀት በየዓመቱ በጕልህ ከሚታይባቸው አገሮች አንዱ የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ነው። በዚያ አገር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሊፈጽም የተቃረበ ጐበዝ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ካለ ኮሌጆች ወደ ቤቱ መልእክት ይልካሉ፤ አባትና እናትም ልጃቸውን ለማን እንደሚሰጡ ሲመክሩ ያድራሉ። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንተርከው እንዲህ ያለ የአንድ ቤተ ሰብ ምርጫ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተነገሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

የቅርጫት ኳስን ጨዋታ የፈጠሩት በትውልዳቸው ካናዳዊ የሆኑ ጄምስ ኔይስሚዝ የተባሉ መምህር ናቸው። በ1891 በታኅሣሥ ወር በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ፥ ብርዱ ከደጅ ያገዳቸው ተማሪዎቻቸው በአዳራሽ ውስጥ ሰውነታቸውን የሚያፍታቱበት ጨዋታ ሲሹ፥ ሁለት የኮክ መልቀሚያ ቅርጫቶች ከፍ አድርገው ሰቀሉ። ስሙም ከዚያ ቀረ። ኮሌጆችም ከ1939 ጀምሮ አሸናፊው የሚለይበት ትልቅ ውድድር ያደርጋሉ። ስለዚህ በአሜሪካ የኮሌጅ ቡድን የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም፤ የኮሌጁን ስም ያስጠራል፥ ለተመረጠውም ተጫዋች የትምህርቱን ወጪ ይችልለታል።

አንድ ልጅ ለአንድ ቡድን ይስማማ እንደ ሆነ የሚመረምር አሠልጣኝ በመጀመሪያ የልጁን ቁመትና ፍጥነት፥ ኳስ አያያዙንና ውርወራውን ይመለከታል። ብልህ አሠልጣኝ ግን ከዚህ አልፎ የገዛ ቤቱን ይፈትሻል። በሚመጣው ዓመት ተመርቆ የሚወጣው ማን ነው? ኳስ ለጓደኞቹ የሚያከፋፍል አለን? የጐደለን ከሩቅ የሚያገባ ነው ወይስ ከቅርጫቱ ሥር የሚታገል? እያለ ይጠይቃል። የኮሌጅ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው፤ ባንድ ጊዜ ወደ ሜዳ የሚገቡትም አምስት ሰዎች ናቸው። እንግዲህ አሠልጣኙ በአንድ ጨዋታ ለተጫዋቾቹ የሚያከፋፍለው ጊዜ ቢደመር 200 ደቂቃ ብቻ ነው። ለብዙ ዓመታት ከታላላቆቹ ኮሌጆች አንዱ በወንዶች ቡድኑ የትምህርት ወጪ ሊችልላቸው የሚፈቀድለት 13 ተጫዋቾች ነበሩ። 200 ደቂቃ ለ13 ሰው ተካፍሎ ሁሉን አያጠግብም። ስለዚህ ልጁ ስሙ የገነነ ኮሌጅ ቢገባና በርሱ ቦታ ላይ ሁለት የሚበልጡት ቢያገኝ፥ ሌሎች ሲጫወቱ እያየ በአግዳሚ ወንበር ላይ የወጣትነት ዘመኑን ይጨርሳል።

ስቴፈን ከሪ በ1988 በኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ ተወልዶ በሰሜን ካሮላይና በሻርሎት ከተማ አደገ። አባቱ ሚስተር ዴል ከሪ ኤን ቢ ኤ በሚባለው የሙያ ተጫዋቾች ማኅበር 16 የውድድር ዘመን የተጫወቱ፥ ከሩቅ በመወርወር የታወቁ ሰው ናቸው። እናቱ ወይዘሮ ሶንያ በኮሌጅ የመረብ ኳስ የተጫወቱ፥ በኋላም ትምህርት ቤት አቋቁመው ሕፃናት ያስተማሩ ናቸው። በዚያ ቤት ኳስ ቢወደድም ሥርዓት ይቀድም ነበር። ስቴፈን ገና በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ የቤቱን ሳሕን ሳያጥብ በመቅረቱ፥ እናቱ ከጨዋታ እንዳስቀሩትና ለጓደኞቹም ምክንያቱን ራሱ መናገር ግድ እንደ ሆነበት ኋላ በአደባባይ ተናግሯል።

ልጁ ውርወራው የተቃና ቢሆንም ሰውነቱ ቀጭን ነበር። ጕልበት ስላነሰው ኳሱን ከወገቡ አካባቢ አንሥቶ ይወረውር ነበርና፥ ረጃጅሞቹ ተከላካዮች እንደሚያግዱበት አባቱ አስቀድመው ተረዱ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ በአንድ የዕረፍት ወራት አወራወሩን አፍርሶ ከራሱ በላይ እንዲለቅ እንደ ገና አስተማሩት። ከዚያ በፊት የለመደው ሁሉ ጠፍቶበት ለጊዜው ከቅርጫቱ ራቅ ብሎ ማግባት ተሳነው፤ ያም የዕረፍት ወራት ለልጁ የለቅሶ ወራት እንደ ነበረ አባትና ልጅ ተናግረዋል። በመጨረሻ ግን አዲሱ አወራወር የዕድሜ ልክ መሣሪያው ሆነለት።

የምርጫው ጊዜ በደረሰ ጊዜ ቁመቱ 1 ሜትር ከ83 ሳንቲሜትር ያህል፥ ክብደቱም ከ75 ኪሎ የማይሞላ ነበር። ታላላቆቹ ኮሌጆች ይህን አይተው ተዉት። አባቱና እናቱ የተማሩበት ቨርጂኒያ ቴክ እንኳ በቡድኑ ውስጥ ይግባ ቢል፥ የትምህርቱን ወጪ ሳይችልለት ነበር። ወላጆቹ በዚህ ሊያዝኑ፥ ስም ፍለጋም ሊያስገድዱት ይችሉ ነበር። ዳሩ ግን ከሻርሎት በስተ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለው ከዴቪድሰን ኮሌጅ ሌላ በር ተከፈተ።

ዴቪድሰን በ1837 የተመሠረተ፥ የተማሪዎቹ ቍጥር በዚያን ጊዜ ሁለት ሺሕ የማይሞላ፥ በትምህርቱ ጥብቅነት የተመሰገነ ትንሽ ኮሌጅ ነው። ተማሪዎቹ ፈተና የሚፈተኑት ያለ ጠባቂ፥ በክብር ቃላቸው ታምነው ነው። በቅርጫት ኳስ ግን በዋናው ውድድር አንድ ጨዋታ ካሸነፈ ከ1969 ወዲህ ብዙ ዘመን አልፎት ነበር። የቡድኑ አሠልጣኝ ሚስተር ቦብ ማኪሎፕ ስቴፈንን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ የርሳቸው ልጅና ስቴፈን በአንድ የቤዝቦል ቡድን ተጫውተዋልና። ሌሎች የሰውነቱን ቅጥነት ሲያዩ እርሳቸው ስሕተት በሠራ ጊዜ እንዴት እንደሚሆን፥ ለጓደኞቹም ፊቱ እንዴት እንደሆነ ይመለከቱ ነበር።

የመስማማቱ ምሥጢር እዚህ ላይ ይገለጣል። በ2006 ከዴቪድሰን ነባር ተጫዋቾች ብዙዎቹ ተመርቀው ስለ ወጡ ቦታው ክፍት ነበር። ጄሰን ሪቻርድስ የሚባል ኳስ በማከፋፈል የሠለጠነ ተማሪ ግን ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ቀጭኑ ልጅ ኳሱን እየገፋ ከጕልበተኞች ጋር ይታገል ዘንድ አላስፈለገም፤ ያለ ኳስ እየሮጠ፥ ጓደኞቹ በሰውነታቸው ተከላካዩን እየጋረዱለት፥ ባዶ ስፍራ ባገኘ ጊዜ ኳሱን ተቀብሎ ወዲያው ይወረውር ነበር። ከናይጄሪያ የመጣው አንድሩ ላቭዴል ከቅርጫቱ ሥር ይታገልለታል፤ ካናዳዊው ማክስ ፖሉስ ጎስሊንም የተቃራኒውን ብርቱ ተጫዋች የመጠበቁን ድካም ይሸከምለታል። እርሱ የሌለውን እነርሱ ሞሉለት፤ እነርሱም የጐደላቸውን በርሱ አገኙ።

ሆኖም የሚስማማ ቦታ ማለት ስሕተት የሌለበት ቦታ ማለት አይደለም። ስቴፈን በኅዳር ወር 2006 ለኮሌጁ በተጫወተበት የመጀመሪያ ቀን 15 ነጥብ ቢያገባም ኳሱን 13 ጊዜ ለተቃራኒ ወገን አሳልፎ ሰጠ። ይህ ለአንድ ተጫዋች እጅግ የሚያሳፍር ቍጥር ነው። ሌላ አሠልጣኝ ቢሆን ልጁን ለወራት ባስቀመጠው ነበር። ሚስተር ማኪሎፕ ግን በማግሥቱ መልሰው አሰለፉት፤ ልጁም የሚሺጋንን ዩኒቨርሲቲ በመሰለ ታላቅ ቡድን ላይ 32 ነጥብ አገባ። በዚያ ዓመት በየጨዋታው በአማካይ 21.5 ነጥብ አስመዘገበ። አንድ ወጣት ከወደቀ በኋላ የሚነሣው እንዲነሣ የሚጠብቀው ሰው ሲኖር መሆኑን ወላጆች ሁሉ ያስተውሉት።

በ2008 የተደረገው ነገር ደግሞ አገሩን ሁሉ አስደነቀ። ዴቪድሰን በዋናው ውድድር ጎንዛጋን በገጠመ ጊዜ ስቴፈን 40 ነጥብ አገባ። ቀጥሎ ጆርጅታውንን ሲገጥም ቡድኑ በ17 ነጥብ ተመርቶ ሳለ ተነሥቶ አሸነፈ። ዊስኮንሲንም በተራው ተሸነፈ። የኮሌጁ የበላይ ጠባቂዎች ተማሪዎቹ ወደ ዲትሮይት ሄደው ጨዋታውን ያዩ ዘንድ የአውቶቡሱንና የማደሪያውን፥ የመግቢያውንም ዋጋ ከፈሉላቸው። አራተኛው ባላጋራ ካንሳስ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ዴቪድሰን በ2 ነጥብ ተበልጦ ሳለ ኳሱ በስቴፈን እጅ ገባ፤ ተከላካዮች ተደርበው ስለ ከበቡት ለሪቻርድስ አቀበለው፤ የሪቻርድስም ውርወራ ሳተ። 59 ለ57 ተሸነፉ፤ ካንሳስም በዚያው ዓመት የአገሩ አሸናፊ ሆነ። ስቴፈን ያን ኳስ በግድ ወርውሮ ቢሆን ኖሮ ማንም አይነቅፈውም ነበር። ነገር ግን በቡድኑ የተማረው ጓደኛን ማመን ነው።

ይህ ትምህርት በዚያው ዓመት በኅዳር ወር እንደ ገና ታየ። በሜሪላንድ ያለው የሎዮላ ቡድን አሠልጣኝ ስቴፈን በሄደበት ሁሉ ሁለት ተከላካይ እንዲከተለው አዘዙ። በዚያ ወራት በአገሩ ካሉት የኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ የበለጠ ነጥብ የሚያገባው ስቴፈን አልተቈጣም፤ ሁለቱን ተከላካዮች ይዞ ወደ ሜዳው ጥግ ሄዶ ቆመ። የቀሩት አራት ጓደኞቹ ሦስቱን ተከላካዮች ገጠሙ። ጨዋታው ሲያበቃ ስቴፈን አንድ ነጥብ እንኳ አላገባም፤ ዴቪድሰን ግን 78 ለ48 አሸነፈ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት አባቶች እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

በ2009 ስቴፈን የአንድ ዓመት ትምህርት ሲቀረው ኮሌጁን ትቶ ወደ ኤን ቢ ኤ ገባ፤ በምርጫውም ሰባተኛ ሆኖ ጎልደን ስቴት ወሰደው። ከቡድኑ ጋር በ2015፥ በ2017፥ በ2018ና በ2022 አሸናፊ ሆነ። ነገር ግን ለእናቱና ለአሠልጣኙ ትምህርቱን እንደሚፈጽም ቃል ሰጥቶ ነበርና፥ ከሄደ ከ13 ዓመት በኋላ በ2022 የሶሲዮሎጂ ዲግሪውን ተቀበለ። ዴቪድሰን ያልተመረቀን ተጫዋች የመለያ ቍጥር ለክብር አይሰቅልም ነበር፤ ይህን ደንብ በዓለም ለታወቀው ልጁ እንኳ አላፈረሰም። የስቴፈን 30 ቍጥር የተሰቀለው በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፥ ዲግሪውን ካገኘ በኋላ ነው።

ዛሬ ደንቡ ብዙ ተለውጧል። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደላቸው። በ2024 ደግሞ አንድ ተጫዋች በትምህርቱ ብቁ እስከ ሆነ ድረስ፥ አንድ ዓመት ሳይጫወት መቀመጥ ሳይገደድ፥ ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ ደጋግሞ መዛወር ቻለ። በ2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ኮሌጆች ራሳቸው ለተጫዋቾቻቸው እንዲከፍሉ ፈቀደ፤ ስምምነቱን በተቀበሉትም ዘንድ የ13ቱ ወሰን ቀርቶ የቡድኑ ተጫዋቾች ቍጥር በ15 ተወሰነ። የልጁ ነጻነት መስፋቱና የድካሙን ዋጋ ማግኘቱ መልካም ነው። ዳሩ ግን መውጫው በሰፋ ቍጥር መታገሥ ይጠባል፤ ከመጀመሪያው ውድቀት በኋላ ልጁ ከመጽናት ይልቅ መሄድ፥ አሠልጣኙም ከማስተማር ይልቅ የተማረ መፈለግ ይቀለዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ምርጫ የገጠመው ወላጅ ሦስት ነገር ይመርምር። መጀመሪያ፥ በዚያ ቡድን ልጄ የሚሞላው ቦታ አለ ወይስ ለቍጥር ብቻ ይወሰዳል? ሁለተኛ፥ አሠልጣኙ ልጄ በሳተ ቀን ምን ያደርጋል? ሦስተኛ፥ ኳሱ ቢቀርስ በልጄ እጅ ምን ይተርፋል? ይህ ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ለኤን ቢ ኤ ምርጫ ከሚደርሱት የኮሌጅ ተጫዋቾች ከመቶው ሁለት እንኳ አይገቡምና፥ የቀሩት በተማሩት ትምህርትና ባፈሩት ጠባይ ይኖራሉ።

ስቴፈን ከሪን ያነሣው ትልቅ ስም ያለው በር አልነበረም፤ የሚያውቁት፥ የሚፈልጉትና ስሕተቱን የሚታገሡለት ሰዎች የከፈቱለት ትንሽ በር ነበር። ወላጅም ለልጁ በር ሲመርጥ የበሩን ስፋት ከመለካት አስቀድሞ፥ በውስጡ ልጁን የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ ይመልከት።