የመንዝ በግ ቆዳ ከካራው በኋላ

መንዝ ውስጥ እንግዳ ሲገባ መደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፍለታል። መሐል ሜዳና ዙሪያው ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ ሌሊቱን ውርጭ የሚጥልበት አገር ነው። እዚያ ጸጉሩ ያልተነሣ የበግ ቆዳ መቀመጫም መኝታም ነው፤ እረኛው ትከሻው ላይ ሲጥለው ደግሞ ለምድ ይሆናል። ከሁለት እኩያ በጎች ከተገፈፈ ቆዳ ግን አንዱ ልጅ አሳድጎ ለልጅ ልጅ ሲተርፍ፣ ሌላው በዓመቱ ጸጉሩን አራግፎ ገላጣ ይሆናል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በቆዳ አልፊው ያሳብባል። በእኔ እምነት ግን አብዛኛው ቆዳ የሚበላሸው አልፊው እጅ ከመግባቱ በፊት፣ በጉ በታረደ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው።

የመንዝ በግ ትንሽ በግ ነው። ላቱ አጭር ሆኖ ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ ከላይ ሸካራ ጸጉር፣ ከሥሩ ለስለስ ያለ ሱፍ አለው። የመንዝና የግሼ ሰው ይህን ጸጉር ሸልቶ፣ ፈትሎና ሸምኖ ባናና ዝተት ሲሠራበት ኖሯል። የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማእከል ዝርያውን ለረጅም ጊዜ አጥንቶታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ ገበሬዎቹ ራሳቸው አውራውን እየመረጡ ዝርያውን የሚያሻሽሉበት ፕሮግራም ተጀምሯል። የሚመዘነው በአብዛኛው የበጉ ክብደት ነው፤ ቆዳውን የሚያስብ ጥቂት ነው።

የኢትዮጵያ የበግ ቆዳ በዓለም ገበያ የተመሰገነው በተለይ ለጓንት ነው፤ ያ ምስጋና ግን በዋናነት ጸጉራቸው አጭር የሆኑት የሌሎች ደጋዎች በጎች ነው። ሱፍ የበዛበት ቆዳ ውስጡ በጸጉር ሥርና በቅባት ስለሚሞላ፣ ጸጉሩ ሲነሣ የላላና ለስንጥቅ የቀረበ ይሆናል። ስለዚህ የመንዝ በግ ቆዳ ክብሩ ከነጸጉሩ ሲያዝ ነው። እንዲህ አድርጎ መያዙ ደግሞ ከባዱ ሥራ ነው። ለጫማ የሚሄድ ቆዳ ጸጉሩ በፋብሪካ ውስጥ መነሣቱ ስለማይቀር ቀድሞ ቢረግፍም ያን ያህል አያስደነግጥም፤ አጎዛ ግን ጸጉሩ ከረገፈ ምንም አልቀረለትም።

በዚህ ስጋት የመንዝ አጎዛ ሠሪና የዱር እንስሳ ቆዳን ሞልተው በሕይወት እንዳለ አስመስለው የሚያቆሙ ባለሙያዎች አንድ ናቸው። አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የዚህን ሙያ ውጤት ማየት ይቻላል። በመካከለኛው እስያ አርጋሊ የተባለውን ግዙፍ የዱር በግ፣ በሰሜን አሜሪካም ባለ ትልቅ ቀንዱን በግ የሚያድኑ ሰዎች በጉ እንደወደቀ ተራራው ላይ እንዳሉ ቆዳውን ለማዳን ይሯሯጣሉ። በእኛ ተራሮች የዱር በግ የለም፤ የሰሜን ተራሮቹ ዋልያ የፍየል ወገን ነው፣ መገደሉም ክልክል ነው። የመንዝ ጓሳዎቹ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ቆዳቸው ማንም ቤት መግባት የለበትም። የእነዚያ አዳኞች የቆዳ አያያዝ ግን ለቤት በጋችንም ይሠራል።

ቆዳ ከሞት በኋላም ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ሱፉ ደግሞ ያን ሙቀት አፍኖ ይይዘዋል። ከፈርስ፣ ከአፈርና ከእበት የሚነሣው ባክቴሪያ በዚህ ሙቀትና እርጥበት በፍጥነት ይራባል። ቀድሞ የሚያጠቃውም የጸጉሩ ሥር የተተከለበትን ስስ ክፍል ነው። ቆዳው ሳይሸትና ሳይለወጥ፣ ሆዱ አካባቢ ጸጉሩን ሳብ ሲያደርጉት በጣት ከመጣ ነገሩ አልቋል። እዚያ ደረጃ የደረሰውን ጨውም ሆነ የአልፊ ጥበብ አይመልሰውም። የመንዝና የግሼ ብርድ እዚህ ላይ ባለውለታ ነው፤ ማታ የተገፈፈ ቆዳ ተዘርግቶ ካደረ ሌሊቱ ያቀዘቅዘዋል። መርሐቤቴ ላይ፣ በተለይ ወደ ጀማና ወንጪት ሸለቆ ሲወረድ፣ ያን ያህል ጊዜ የለም። በቆላ በሰዓታት ውስጥ ጨው ያላገኘ ቆዳ መሄጃው ጉድጓድ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከማረጃው ቦታ ነው። በጉ በድንጋይና በጭቃ ላይ መጎተት የለበትም፤ ደሙም በጸጉሩ ላይ ሳይደርቅ መታጠብ አለበት። አንገት ላይ ያለው የእርድ ስንጥቅ ለአጎዛ ብዙ አይከፋም። የአደን ባለሙያ ግን ጭንቅላቱን ከነአንገቱ ስለሚፈልግ ጉሮሮውን አይነካም፤ በማጅራት በኩል ይከፍታል። ሆዱን ሲቀዱ የካራውን ስለት ወደ ውጭ አዙሮ ከቆዳው ሥር መስደድ ጥሩ ነው፤ እንዲያ ሲሆን ቆዳው ይቀደዳል እንጂ ሱፉ አይቆረጥም። መሥመሩ ከጉሮሮ እስከ ላቱ ሥር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ እግሮቹም በውስጥ በኩል ይከፈታሉ።

ከዚያ በኋላ ካራው ቢቀመጥ ይሻላል። በጉ በኋላ እግሮቹ ከተሰቀለ፣ ቆዳውን በአንድ እጅ ስቦ በሌላው ጡጫ ከሥጋው መግፋት ይበቃል። በየበዓሉ የሚገፍ ልምድ ያለው ሰው ይህን ያውቃል፤ ስለቱ የሚያስፈልገው ቁርጭምጭሚቱ፣ ደረቱና ላቱ ላይ ብቻ ነው። በካራ የተጫረ ቆዳ ጉዳቱ ያን ዕለት አይታይም። ሲወጠር ግን ጭረቱ ቀዳዳ፣ ቀዳዳውም ስንጥቅ ይሆናል።

የተገፈፈው ቆዳ አይታጠፍም፣ አይከመርም፣ በፌስታልና በማዳበሪያ ከረጢትም አይገባም። የሥጋው ጎን ወደ ላይ ሆኖ ጥላ ውስጥ ተዘርግቶ ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ የቀረው ሥጋና ሞራ ይፋቃል። የመንዝ በግ ላይ ከሁሉ የሚያስቸግረው ላቱ ነው፤ ስቡ ሙሉ በሙሉ ካልወጣ ጨው አልፎት አይገባምና ቆዳው ከዚያ ጀምሮ ይበሰብሳል። አርጋሊን የሚያቆም ባለሙያ ከንፈሩን ከውስጥ ይሰነጥቃል፣ ጆሮውን እንደ ካልሲ ይገለብጣል፤ ሁሉም ጨው የማይደርስበት ሥጋ እንዳይቀር ነው።

ጨው ላይ ብዙ ሰው ይቆጥባል፤ ትልቁ ስህተትም ይህ ነው። እፍኝ ጨው በትኖ መተው ምንም እንዳላደረጉ ያህል ነው። የእርጥቡ ቆዳ ክብደት ግማሽ የሚሆን ጨው ያስፈልጋል፤ ሁለት ኪሎ ለሚመዝን ቆዳ አንድ ኪሎ ማለት ነው። የተፈጨ ጨው ከአሸቦው ይልቅ ፈጥኖ ይገባል። ጠርዙ፣ የእግሩ ቆዳና የታጠፈው ቦታ ሁሉ በእጅ መታሸት አለበት። ጨው የሚሠራው ውኃውን ከቆዳው እየሳበ ስለሆነ፣ ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ቆዳው ዘንበል ባለ ቦታ ላይ ይደር። በማግስቱ የረጠበው ጨው ተራግፎ አዲስ ይነሰነሳል። የተራገፈውን መልሶ ለሌላ ቆዳ መጠቀም አይገባም፤ ጨው የማይገድላቸውና ቆዳውን የሚያቀሉ ባክቴሪያዎች በውስጡ ይኖራሉ።

ብዙ ቦታ ቆዳ በችካል መሬት ላይ ተወጥሮ ለፀሐይ ይሰጣል። ሥር የሰደደ ልማድ ቢሆንም የማልስማማበት ነው። የደጋ ፀሐይ ብርቱ ናት፤ ላዩ ቶሎ ደርቆ ሲዘጋ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ የተቃጠለውም ክፍል ውኃ ሲነካው እንደ ሙጫ ይሟሟል። ከሥር ነፋስ ስለማያገኝም መሬቱን የነካው ጎን ይሻግታል። አራት እንጨት አሥሮ ቆዳውን በገመድ ወጥሮ ጥላ ውስጥ ማቆም ወጪው ኢምንት ነው። የመንዝ ደረቅ ነፋስ ቀሪውን ይሠራል።

ከዚህ በኋላ ተራው የአልፊው ነው። ይነክረዋል፣ ይፍቀዋል፤ እንደየአገሩ ልማድ በተልባ ወይም በእምቧይ ያሸዋል፤ እስኪለሰልስ በእጅና በእግር ያለፋዋል። አድካሚና ረቂቅ ሥራ ነው። ይህን ሙያ የያዙ ሰዎች ለዘመናት ሲናቁ መኖራቸው የሚያሳፍር ነው፤ የተመረቀው ዲያቆን፣ የዘመተው ጭፍራ፣ የተሞሸረችው ልጅ ሁሉ በእነርሱ የእጅ ሥራ ላይ ተቀምጠዋል።

አንድ ጉዳት ግን ከእርዱ በፊት የሚመጣ ነው። የቆዳ ነጋዴዎች እከክ የሚሉትን ጉዳት የሚያመጡት የበግ ቅማልና ክንፍ የሌላት ደም መጣጭ ዝንብ ናቸው። በጉ ሲያክከው በድንጋይና በአጥር ላይ ይታሻል፣ ሱፉም በየቦታው ይነቀላል። በጉን በጸረ ተባይ ማጠብ ወይም ማስረጨት ጉዳቱን ያቆመዋል። ቆዳው እስኪያገግም ግን ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ ለበዓል የሚታረደው በግ በዓሉ ሲቃረብ ሳይሆን ቀደም ብሎ መታከም አለበት።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የጥሬ ቆዳ ዋጋ ወድቆ፣ ከፋሲካና ከእንቁጣጣሽ ማግስት አዲስ አበባ መንገድ ዳር ቆዳ ተጥሎ ማየት የተለመደ ሆኗል። ፋብሪካው ባይገዛውም አጎዛ የሚፈልግ ቤት አሁንም አለ። የሞላሌና የመሐል ሜዳ የበግ አርቢዎች ማኅበራት አውራ ለመምረጥ እንደተባበሩት ሁሉ ለበዓል ሰሞን ጨው በጋራ ቢገዙ፣ መወጠሪያና ዳስ ቢያዘጋጁ የአቅማቸው ነው። እርስዎም ለመጪው በዓል በግ ሲገዙ አንድ ኪሎ ጨው አብረው ይግዙ፤ ጨው የጠጣውን ቆዳ ለአልፊ ያድርሱ፣ ለአልፊውም ድካሙን የሚመጥን ዋጋ ይክፈሉት።