የመጋዘን ሥራ በሰኔ ይዘገያል፤ መዘግየቱ ግን በኅዳር ይጀምራል

የፎገራ ሜዳ ጥቁር ዋልካ በበጋ የሚሰነጠቅ፥ በክረምት የሚያብጥ አፈር መሆኑን የወረታ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። መሠረቱን ሳይጨርስ ዝናብ የደረሰበት ሰው ጉድጓዱ ኩሬ ይሆንበታል፤ የታሰረው ፌሮ ይዝጋል፤ የተከመረው ሲሚንቶም እርጥበት ስቦ ይጠጥራል። ሥራው እስከ ጥቅምት ይቆማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሩዙ ታጭዶ ሲገባ መጋዘኑ ገና ጣራ አልለበሰም። የባንክ ወለድ ግን ክረምት በጋ ሳይል ይቈጠራል።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ዝናቡ፥ ቀጥሎም ተቋራጩ ነው። ወቀሳው ግማሽ እውነት አለው። በዚያው ሜዳ በላይኛው በኩል የተሠራው የርብ ግድብ እንኳ ከታሰበለት ጊዜ ብዙ ዓመታት አልፎ እንደ ተፈጸመ ይታወሳል። ይሁን እንጂ ነገሩን በቍጥር የመረመሩ ሰዎች ሌላ ምክንያት አግኝተዋል።

ግሌን ባላርድና ግሬግ ሐውል የተባሉት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሕንፃ ሥራዎችን ሲከታተሉ፥ በሳምንት ውስጥ ይፈጸማሉ ከተባሉት ሥራዎች በእርግጥ የተፈጸሙት ከግማሽ ጥቂት ብቻ የሚበልጡ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ የሠራተኛው ስንፍና ብቻ አልነበረም፤ ይልቁንም ሥራው የታዘዘው የሚያስፈልገው ነገር ሳይዘጋጅ ነበር። ግንበኛው ተቀጥሮ ድንጋዩ አልደረሰም፤ ድንጋዩ ደርሶ ካሳፎርማው በሌላ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ከጃፓኑ ቶዮታ ፋብሪካ አሠራር ጋር የሚዛመደውን ሊን የተባለ ዘዴ ለሕንፃ ሥራ አስማሙት።

ዘዴው ከፍጻሜው ተነሥቶ ወደ ኋላ ይቈጥራል። ጣራው ከሰኔ በፊት እንዲለብስ መሠረቱ በመጋቢት ከመሬት መውጣት አለበት፤ ስለዚህም ቁፋሮው በጥር፥ የፌሮው ግዥ በታኅሣሥ፥ የግንባታ ፈቃዱ በኅዳር ማለቅ ይኖርበታል። ባለንብረቱ በሰኔ የሚያየው መዘግየት የተወለደው፥ እርሱ ሩዝ በሚመዝንበት በኅዳር ወር ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ወደ ፊት እየተመለከቱ እንቅፋቱን አስቀድሞ ማንሣት ይከተላል። የሳምንቱንም ሥራ ቢሮ የተቀመጠው መሐንዲስ ሳይሆን ሥራውን የሚያሠራው ፎርማን ራሱ ቃል ይገባበታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የተፈጸመውና ያልተፈጸመው ይቈጠራል፤ ያልተፈጸመበትም ምክንያት ይጻፋል። ለዚህ አንድ ደብተርና እርሳስ ይበቃል።

አሳቡ ለሀገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በጃፓን ትብብር ከተቋቋመ ወዲህ ተመሳሳይ ትምህርት በብዙ ፋብሪካ ተሰጥቷል።

አንድ ነገር ግን እንደ ወረደ መቀበል አይገባም። ቶዮታ ዕቃው በሚፈለግበት ሰዓት ብቻ እንዲደርስ ያደርጋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ ላየ ነጋዴ፥ ይህ ምክር የሚያስቅ ነው። ፌሮና ቆርቆሮ ቀድሞ ማከማቸት ግድ ይሆናል። ሲሚንቶ ግን ሲቈይ ኀይሉን ስለሚያጣ ለጥቂት ሳምንት ብቻ የሚበቃውን፥ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ አድርጎ መያዝ ይሻላል።

የሕንፃ ዕቃ የሚሸጠውም ባለሱቅ የስድስት ሳምንቱ ዝርዝር ግልባጭ ቢደርሰው፥ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ምን ያህል እንደሚያስመጣ በግምት አያዝም፤ ገንዘቡም በማይፈለግ ሚስማር ላይ ታስሮ አይከርምም።