ቡሬው ወይስ ዳልቻው?

በስማዳ ወይም በእስቴ ዕድሜ ልካቸውን ሲያርሱ ለኖሩ አዛውንት በሬ በመስመር ብቻ ሥሎ መስጠት አይከብድም። ጥያቄው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ የትኛው በሬ? ገበሬ በሬውን የሚጠራው በመልኩ ነው፤ ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ቦራ እያለ። የልጅ ልጃቸው ስም የጠፋባቸው ሰው፣ በጎልማሳነታቸው የጠመዱት ቡሬ የቱ ጋ ጥቁር የቱ ጋ ነጭ እንደነበረ ሊያውቁ ይችላሉ። ከመርሳት ሕመም ጋር ለሚኖሩ አረጋውያን፣ ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ የሚዘጋጀው የቀለም ቅብ ሥራ የሚነሳው ከዚህ ነው። ሥዕሉ ከሰውየው ኑሮ ይወጣል፤ ቀለሙን የሚመርጡት እሳቸው ናቸው።

የመርሳት ሕመም፣ ሐኪሞች ዲሜንሽያ የሚሉት፣ ብዙ በሽታዎች የሚያመጡት ጉዳት ነው። ከመካከላቸው በብዛት የሚታየው ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. ያስታወቀውና በስሙ የተጠራው በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት ሕመም ጋር ይኖሩ እንደነበር ይገምታል፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ናቸው። እኛ ዘንድ «ጃጁ» ተብሎ ይታለፋል።

አልዛይመር ገና ሲጀምር የሚጎዳው አዲስ ነገር የሚያዝበትን የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ የጠዋቱ ቁርስ ይረሳል፣ የወጣትነቱ ዘመን ይቆያል። እጅ የለመደው ሥራ የሚያዝበት ቦታ ሌላ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚሄደው። ዜማም ቶሎ እጅ አይሰጥም። ጋይንት ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ከዚያ ያስመሰከሩ መሪጌታ ዕለቱን መለየት ቢሳናቸው እንኳ ዜማው ሲጀመርላቸው ሊከተሉ ይችላሉ። ለእንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ መሞከር ያለበት ዜማው ነው፤ ቀለሙ ይደርሳል።

አዋቂዎች ቀለም የሚቀቡባቸው መጻሕፍት በዓለም ገበያ የናኙት ስኮትላንዳዊቷ ሠዓሊ ጆሐና ባስፎርድ በ2013 እ.ኤ.አ. ካሳተመችው የአትክልት ሥፍራ መጽሐፍ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ2005 እ.ኤ.አ.፣ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 84 የኮሌጅ ተማሪዎችን ሦስት ቦታ ከፍለው አንዱን ቡድን ክብ ጌጥ፣ አንዱን መስቀለኛ የጨርቅ ጥለት፣ አንዱን ባዶ ወረቀት አስቀቡ። ጌጡና ጥለቱ የደረሳቸው ባዶ ወረቀት ከደረሳቸው ይልቅ ጭንቀታቸው ቀለለ። ተማሪዎቹ ወጣትና ጤነኛ ስለነበሩ ውጤቱን እንዳለ ወደ አረጋውያን ማዞር አይቻልም። ሆኖም አንድ ነገር ይጠቁማል፤ ሥርዓት ያለው መስመር እጅን ይመራል። የነጠላ ጥለት ደግሞ እዚሁ ቤታችን አለ።

ችግሩ እርሳሱ ላይ ነው። በጋይንትም በእስቴም ብዙ እናቶች እርሳስ ሳይዙ ነው ያረጁት። ወረቀትና ባለቀለም እርሳስ ሲቀርብላቸው «እኔ ተማሪ ነኝ?» ቢሉ እውነት አላቸው። እኔ ብሆን ለእነሱ ወረቀቱን ትቼ የተቀለመ አክርማ አቀርባለሁ፤ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ይለዩ፣ የሰፌዱን ቀለም ይደርድሩ። ስፌቱ ከቀጠለ እሰየው፤ ወስፌው ግን ሹል ነውና አጠገባቸው ሰው ይኑር። ብርዕ ለለመዱ ደብተራ የሚስማማው የብራና መጽሐፍ ሐረግ ነው፣ በቀይና በጥቁር። የቅዱሳንን ሥዕል ግን አልመርጥም፤ መልአክ ፊት ላይ ቀለም መቀባት የሚያስጨንቃቸው አሉ።

መስመሩ ወፍራም፣ ሥዕሉ አንድ፣ የሚቀባውም ቦታ ሰፊ ይሁን። ዓይን ሲያረጅ ሰማያዊንና አረንጓዴን መለየት ስለሚቸግረው በእነዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ሥዕል አይበጅም። ሦስት ቀለም ይበቃል። የቀለም ዘንጉ ለጣት ወፈር ያለ፣ ወደ አፍ ቢገባም የማይመርዝ መሆን አለበት። የጋይንቷ ንፋስ መውጫ ከ3000 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዱም የቤቱ ጨለማም ስላለ ጥሩው ቦታ ደጅ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚሞቅበት ነው። አንዳንድ ሕሙማን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስለሚረበሹ ማምሻውን መጀመር አይመከርም። በበዓል ቀን እጃቸውን ከሰበሰቡ ደግሞ ሕመሙ ነው ብሎ ማሰብ አይገባም፤ በዓል እያከበሩ ነው።

አነጋገር ከቀለሙ ይበልጣል። «እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ማለት ፈተና ነው፣ ያሸማቅቃል። «እማማ፣ ለዚህች ሰፌድ ምን ቀለም ይሻላታል?» ሲባሉ ግን ምክር የተጠየቁ ያህል ነው፤ መልስ ባይመጣም የሚያፍር የለም። በሬው አረንጓዴ ቢቀባም ማረም አያስፈልግም። ሲሰለቻቸው ይተዉት።

ይህ ሥራ በሽታውን አያቆምም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ በእንክብካቤ ቤቶች ለሰው በልኩ የተዘጋጁ ሥራዎች ቁጣንና መረበሽን በጥቂቱ ሊቀንሱ እንደሚችሉ አይቷል፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው ብሏል። እኛ አገር ደግሞ አብዛኛው አዛውንት የሚጦረው በቤተሰብ ነው። ሥዕሉን የሚያዘጋጀው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው፤ አባቱ የጠመዱትን በሬ መልክ ከማንም ይልቅ ስለሚያውቅም ለዚህ ሥራ የተሻለው እሱ ነው።

ቀለም ከመግዛት በፊት ግን ሐኪም ጋ መሄድ ይገባል። የእንቅርት ዕጢ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስና ድባቴ የመርሳት ሕመም መስለው ይመጣሉ፤ ሲታከሙም ሰውየው ብዙ ሊሻለው ይችላል። የአዮዲን እጥረት ባለበት ደጋ ደግሞ ዕጢውን ማስመርመር ሊዘለል አይገባም። አእምሮው በወራትና በዓመታት ሳይሆን በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ የተዛባ አዛውንት የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ይዞት ሊሆን ስለሚችል፣ ንፋስ መውጫም ይሁን ደብረ ታቦር ወደሚቀርበው ሆስፒታል በዚያው ዕለት መወሰድ አለበት።